ካሜራውን ሸፈናችሁ፤ በሩንስ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚህ ዓምድ «የላፕቶፓችሁን ካሜራ በማትጠቀሙበት ጊዜ ሸፍኑት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ስለ ባትሪ አጠቃቀም ገጽ ሙሉ ስጽፍ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም፤ በዚህች ዓረፍተ ነገር ግን ደብዳቤው ጎረፈ። የተደጋገሙትን አጠቃልዬ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። ዓመቶቹ፣ ወደ መጨረሻው ከምጠቅሰው አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ አባት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸው ላፕቶፗ ካሜራ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፋ አግኝተዋት ተጨንቀዋል። «ይህ ነገር የጤና ነው?» ይላሉ።

መልስ፦ የጤና ነው። በ2016 የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ባሰራጨው ፎቶ ላይ ከኋላው ያለው ላፕቶፕ ካሜራውም ማይክሮፎኑም ተሸፍኖ ታይቷል። በዚያው ዓመት የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ እርሳቸውም ካሜራቸው ላይ ፕላስተር እንደሚለጥፉ በአደባባይ ተናግረዋል። ልጅዎ የቁስል ፕላስተር መምረጧ ደግሞ ብልህነት ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ጨርቅ ሌንሱ ላይ ስለሚያርፍ ሙጫው መስተዋቱን አይነካም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፦ ፕላስተር ዓይን እንጂ ጆሮ አይደፍንም። የማይክሮፎኑን ፈቃድ ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ትዝጋው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ስከፍት ከካሜራው አጠገብ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እየተሰለልኩ ነው?

መልስ፦ በይለፍ ቃል ፈንታ ፊትዎን አይቶ እንዲከፈት አድርገውት ከሆነ፣ ፊትዎን እየፈለገ ነው።

ጥያቄ፦ ተንሸራታች የካሜራ ክዳን ለጥፋ ላፕቶፗን ስትዘጋው ስክሪኑ የተሰነጠቀባት አንባቢ «ማን ይካሰኝ?» ትላለች።

መልስ፦ ማንም። አፕል በ2020 ማክቡክ የተባለውን ላፕቶፑን ክዳን እንደተለጠፈበት መዝጋት ስክሪኑን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የግድ ከሆነም ከ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ቅጠል ወረቀት፣ የማይወፍር ይሁን ብሏል። ወረቀቱ ደግሞ ከክዳኑ ይረክስ ነበር።

ጥያቄ፦ «ካሜራህን ጠልፌ አሳፋሪ ድርጊትህን ቀርጬዋለሁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ቢትኮይን ካልላክህ ለወዳጅ ዘመድህ እበትነዋለሁ» የሚል ኢሜይል የደረሳቸው አንባቢ እንቅልፍ አጥተዋል። ኢሜይሉ የድሮ የይለፍ ቃላቸውን በትክክል ይጠቅሳል። እርሳቸው ግን ደብዳቤያቸውን ሲዘጉ እንደ ዋዛ «የእኔ ኮምፒውተር እንኳ ካሜራ የለውም» ብለዋል።

መልስ፦ ጌታዬ፣ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ምን ትዝ ብሎዎት እንደ ደነገጡ አልጠይቅም። ይህ ዓይነቱ ኢሜይል ከ2018 ወዲህ በየአገሩ ስፍር ቁጥር ለሌለው ሰው ተልኳል። የይለፍ ቃሉ የተገኘው ከካሜራ አይደለም፤ ድሮ ከተመዘገቡበትና የተጠቃሚዎቹ መዝገብ ከተሰረቀበት ድረ ገጽ ነው። አይክፈሉ፣ መልስም አይላኩ። ያንን የይለፍ ቃል ዛሬም የሆነ ቦታ የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ይህን ጋዜጣ አስቀምጠው አሁኑኑ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ የጻፉልን እናት፣ ትምህርት ቤቱ ለልጃቸው የሰጠው ላፕቶፕ ቤታቸው ውስጥ ሊያያቸው ይችል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው ስቀውባቸዋል።

መልስ፦ ባለቤትዎ ይህን ያንብቡ። እዚያው ጎረቤታችሁ ፔንሲልቬንያ፣ በሎዌር ሜሪየን የትምህርት ዲስትሪክት፣ በ2010 አንድ ቤተሰብ ክስ መሠረተ። ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ያነጋገረው በተሰጠው ላፕቶፕ፣ በገዛ ቤቱ በተነሳ ፎቶ ምክንያት ነበር፤ በእጁ ክኒን የያዘ መስሏቸዋል፣ ቤተሰቡ ግን ከረሜላ ነው አለ። የጠፋ ላፕቶፕ ለመፈለግ የተጫነ ፕሮግራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ሲሰበስብ ከርሞ ነበር። ዲስትሪክቱ በዚያው ዓመት በ610,000 ዶላር ጉዳዩን በስምምነት ጨረሰ። ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ካሜራውን ከርቀት የሚከፍት ፕሮግራም አለ? የሚከፍተውስ ማን ነው? እስኪመልሱልዎ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሳሎን ይደር።

ጥያቄ፦ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ «ባለሙያ» ዊንዶውስ፣ ኦፊስና ፎቶሾፕ ጫነለት። ከወር በኋላ ማታ ማታ የካሜራው መብራት በራሱ ይበራ ጀመር። ፕላስተር ለጥፏል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር። ሁላችሁም ስለ ካሜራው ትጽፉልኛላችሁ፤ ላፕቶፓችሁን በማን እጅ ላይ እንደጣላችሁት የጻፈልኝ ግን የለም።

ባለፈው ክረምት የራሴን ላፕቶፕ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ ነበር። ልጁ ፍላሽ ዲስኩን ከቁልፎቹ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሰካው፤ ከዚያ ከሁሉ አስቀድሞ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ጀመረ። «ለምን?» አልኩት። «ክራኩን ይበላብናል» አለኝ፤ ክራክ ማለት የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈልበት የሚያሠራ መክፈቻ ነው። ክራኩን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ቴሌግራም ላይ ሞልቷል» አለ። ያው ፍላሽ ከእኔ በፊት በነበረው ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ነበር። ላፕቶፔን አጥፌ ወጣሁ፤ ልጁ እንደተቀየመኝ አውቃለሁ።

ልጁ ሰላይ አይደለም። ግን ያደረገውን ተመልከት፦ ዘበኛውን አሰናብቶ፣ ማን እንደሠራው የማያውቀውን ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ሊያስገባ ነበር። ኮምፒውተርን ከርቀት ለሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞች ከዚህ የተሻለ አቀባበል የለም። አንዴ ከገቡ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብረው ይነሳሉ፣ ከላካቸው ሰው ጋር በኢንተርኔት ይገናኛሉ። ካሜራ መክፈት ከሥራቸው ትንሹ ነው፤ የባንክ የይለፍ ቃልህን ጨምሮ የምትጽፈውን ፊደል ሁሉ ይቀዳሉ። ለዚህ ሊቅ መሆን አያሻም። ብላክሼድስ የሚባለው ፕሮግራም 40 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ2014 የብዙ አገሮች ፖሊስ ሲዘምትበት ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ ነበር። የ2013ቷን የአሜሪካ ታዳጊዎች ቁንጅና አሸናፊ በመኝታ ክፍሏ ሲሰልላት የነበረውም የትምህርት ቤቷ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ 18 ወር ተፈረደበት። መብራቱ እንኳ ሁልጊዜ አይታመንም። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013፣ በቆዩ የማክቡክ ሞዴሎች ላይ መብራቱ ሳይበራ ካሜራውን ማሠራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያንተስ መብራቱ ጮኾልሃል።

እንግዲህ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ የካሜራውን ፈቃድ ክፈት፤ የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደተጠቀመበት ይዘረዝራል። ረስተህ የተውከው የቪዲዮ ስብሰባ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ኢንተርኔቱን ቁረጥ፤ ሰነዶችህንና ፎቶዎችህን ብቻ ገልብጥ፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ደምስሰህ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያወረድከውን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫን። የይለፍ ቃሎችህንም በዚያው በንጹሑ ቀይራቸው። እኔን የሚያናድደኝ ምን መሰለህ? ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሲሠሩ ዊንዶውስ ተከፍሎባቸው ስለሆነ ፈቃዱ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ ተጽፏል፤ ትክክለኛውን ዕትም ብትጭን ራሱ ያውቀዋል። ለተከፈለበት ዊንዶውስ ክራክ ተጭኖልህ ይሆናል! በኦፊስ ፈንታ ሊብሬኦፊስ በነጻ አለ። ፎቶሾፑን እርሳው። ይህን ሁሉ ራስህ የማትችል ከሆነ ለባለሙያ ስጥ፤ ፍላሽ ሲያወጣ ግን እጁን እይ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የጻፈች እህት፣ በካሜራዋ የተቀረጸ ምስል ተልኮላት ገንዘብና ሌላም ነገር እየተጠየቀች ነው። ዝርዝሩን ለእሷ ስል ትቼዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ በጋዜጣ ዓምድ የሚመለስ አይደለም። ዛሬውኑ ፖሊስ ዘንድ ሂጂ፤ ብቻሽን ሳይሆን ከምታምኚው ሰው፣ ቢቻል ከጠበቃ ጋር። መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ከነቀናቸውና ከነላኪያቸው ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ከላይ ለወጣቱ የነገርኩትን አንቺ አታድርጊው፤ ላፕቶፑ ከተደመሰሰ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከኢንተርኔት አላቅቀሽ አስቀምጪው። አትክፈዪ፤ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ይጠየቃል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትም፣ ምስል እበትናለሁ ብሎ ማስፈራራትም ወንጀል ነው። ያጠፋው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ደግሜ ልበል፦ ፖሊስ። «ሰሞኑን እሄዳለሁ» የሚል ደብዳቤ እንዳትልኪልኝ።

ጥያቄ፦ ይህን መዘዝ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው?

መልስ፦ ቡና። በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ሌላ ክፍል ያለው የቡና ማፍያ ባዶ መሆን አለመሆኑን ከወንበራቸው ሳይነሱ ለማየት ካሜራ ደቀኑበት። ከጊዜ በኋላ ምስሉ በኢንተርኔት ለዓለም ታየ፤ ካሜራው የጠፋው በ2001 ነው። ጀበና በሚጣድበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ባልተፈለሰፈ ነበር፤ ሽታው ይናገራል።