ፐብሊሸር ወይስ ኢንቨስተር? አራት ኪሎ ላይ ጌም ለሚሠሩት ልጆች

ጥያቄውን ላላየ ሰው ባጭሩ፦ አራት ኪሎ ቢሮ ያላቸው አራት ልጆች በስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ) በ15 ዶላር የሚሸጥ ታሪክ ያለው ጌም ጀምረዋል። አንድ የአውሮፓ ፐብሊሸር (ለሠሪዎቹ ገንዘብ ሰጥቶ ጌሙን ለገበያ የሚያወጣና ከሽያጩ ድርሻ የሚወስድ ድርጅት) 80,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ፣ አንድ የውጭ ኢንቨስተር ደግሞ ለ12 ከመቶ ድርሻ 120,000 ዶላር አቅርበውላቸዋል። የፐብሊሸሩን ረቂቅ ውል ለጥፈው የቱን እንቀበል ብለዋል።

ለእናንተ ሥራ ፐብሊሸሩ ይሻላል፤ ውሉን ግን እንዳለ አትፈርሙት።

መጀመሪያ የኢንቨስተሩን ሒሳብ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት። ድርጅታችሁን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ጌሙ በዕድሜው ሙሉ 600,000 ዶላር ቢያስገባላችሁ ለአራት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለእሱ ግን ገንዘቡ በሙሉ በትርፍ ክፍፍል ቢወጣ እንኳ የሚደርሰው 72,000 ነው፤ ያስገባውን አይመልስለትም። የቬንቸር ፈንድ (ጀማሪ ድርጅቶች ላይ ድርሻ የሚገዛ ፈንድ) አብዛኛውን ጊዜ የ10 ዓመት ዕድሜ ነው ያለው፤ ከያዛቸው ድርጅቶች አንዱ ብዙ እጥፍ ካላደገለት አያዋጣውም። ስለዚህ ጌሙ ሳያልቅ "ወደ ሞባይል አዙሩት፣ ውስጡ ዕቃ ይሸጥበት" የሚል ግፊት ይመጣል። ክፋት አይደለም፣ ሥራው ነው። ኬፕታውን ያለው ካሪ ፈርስት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አንድሪሰን ሆሮዊትዝ የተባለው የአሜሪካ ቬንቸር ፈንድ የመራውን 20 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ፣ ሥራው የሌሎችን የሞባይል ጌም ማከፋፈልና ክፍያ መሰብሰብ ነበር። አንድ ጌም ብቻ ይዞ ለሚመጣ ስቱዲዮ የዚያ ዓይነት ገንዘብ እምብዛም አይመጣም።

የወረቀቱ ጣጣም አለ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 በአብዛኛው ዘርፍ የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲሆን 150,000 ዶላር ይጠይቃል። 120,000ው እዚያ ስለማይደርስ "አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ድርጅት ክፈቱ" መባላችሁ አይቀርም። መክፈቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ በየዓመቱ ማስተዳደሩ ነው። ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻው በአንድ የውጭ ሰው የተያዘ የአሜሪካ ኩባንያ ከባለቤቱ ጋር ገንዘብ ከተቀባበለ ለአሜሪካ ግብር ቢሮ ፎርም 5472 ይሞላል፤ ሳይሞላ ከቀረ ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው። የሒሳብ ባለሙያውን ክፍያ በጀት ውስጥ ካላስገባችሁ አትጀምሩት።

ወደ ፐብሊሸሩ እንምጣ። የለጠፋችሁት ረቂቅ "ቅድሚያ ክፍያው ከስቱዲዮው 50 ከመቶ ድርሻ ይካካሳል" ይላል፤ ማለትም 80,000ው የሚመለሰው ከእናንተ ድርሻ ላይ ተቆርጦ ነው። ከውሉ ሁሉ ከባዷ መስመር ይቺ ናት። ጌሙ 15 ዶላር ይለጠፍበታል እንጂ በቅናሽ፣ በየአገሩ ዋጋ፣ በቫትና በተመላሽ ተሸርሽሮ በአማካይ 8 ዶላር ይቀራል ብለን እንያዝ። ስቲም 30 ከመቶውን ሲወስድ 5.60 ይሆናል። 80,000ው ከጠቅላላው የተጣራ ገቢ የሚካካስ ከሆነ 14,300 ቅጂ ገደማ ሲሸጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ከየቅጂው 2.80 ይደርሳችኋል። ከእናንተ ድርሻ ብቻ ከሆነ ግን 28,600 ገደማ መሸጥ አለበት። እዚያ ሲደረስ ፐብሊሸሩ የሰጠውን አስመልሶ ሌላ 80,000 ይዟል፤ እናንተ ገና ሳንቲም አላያችሁም። "ከጠቅላላ የተጣራ ገቢ" ተብሎ ይቀየር። ማርኬቲንጉ፣ ትርጉሙና ፍተሻውም የሚካካስ ከሆነ ጣሪያ ይደረግለት፤ ከጣሪያው በላይ ያለ እናንተ በጽሑፍ ሳትስማሙ አይቆጠር። ጌሙ ካልተሸጠ ቀሪውን እንደማትመልሱም በግልጽ ይጻፍ፤ ያ ከሌለ የፈረማችሁት ብድር ነው።

ማይልስቶን (ሥራው ቀርቦ ክፍያ የሚለቀቅበት ደረጃ) ላይ "ጥራት ያለው ስሪት" የሚል መስፈርት አትቀበሉ። "ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወቱ ሦስት ደረጃዎች፣ በሰከንድ በ60 ፍሬም" ቢባል ማንም አይከራከርበትም። ፐብሊሸሩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተቀበለ ይቆጠር። ይህም ሆኖ ሁለት ሳምንት ለማየት፣ 30 ቀን ለመክፈል፣ ከዚያ የባንኩ ቀናት ሲደመሩ ገንዘቡ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። የመጀመሪያውን ክፍያ በፊርማ ቀን ጠይቁ፣ የሁለት ወር ደመወዝም ሳትነኩ በመጠባበቂያ ያዙ። ጌሙ መጥፎ ባይሆንም፣ ክፍያ ዘግይቶ አኒሜተሩ ሌላ ሥራ ሲይዝ ስቱዲዮ ሊዘጋ ይችላል።

በጀቱን በዶላር ሥሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ማለፉን አትርሱ። ኢንቨርተርና የመጠባበቂያ ኢንተርኔት ይግቡበት፤ የቢሮ መቀየሪያም ጨምሩ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ የሆነውን አይታችኋል። በላዩ 15 ከመቶ መጠባበቂያ።

የስቲም ገጹ በማን አካውንት እንደሚከፈት ጠይቁ። በፐብሊሸሩ ከሆነ፣ ውሉ ሲቋረጥ ጌሙ ከነዊሽሊስቱ (ጌሙን ለመግዛት ምልክት ካደረጉ ሰዎች ዝርዝር ጋር) ወደ እናንተ አካውንት እንዲዛወር ይጻፍ፤ ስቲም ይህን ይፈቅዳል። ያለ ምክንያት ማቋረጥ ከቻሉ ደግሞ የጀመራችሁትን ማይልስቶን ከፍለው ይውጡ። ለማነጻጸር፣ ሮው ፊውሪ የተባለው የስዊድን ፐብሊሸር የራሱን ውል ናሙና እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ለቆታል፤ ከረቂቃችሁ ጎን አስቀምጡና አንቀጽ በአንቀጽ እዩት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሙዚቃውን የሠራላችሁ ልጅ መብቱን በጽሑፍ አስተላልፏል? ሠዓሊዋስ? ፐብሊሸሩም ኢንቨስተሩም የእነዚህን ልጆች ፊርማ መጠየቃቸው አይቀርም። ዛሬ በሻይ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ጌሙ ገንዘብ ማግኘቱ ከተሰማ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።