ጥያቄና መልስ፦ ዓባይ በረሃ ላይ የሚለሰልስ ፍሬን፣ የሚንኳኳ የፊት ሾክ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው ከነሻንጣው እንሆናለን። ከደጀን ቁልቁል ወርጄ ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና ይሰምጣል። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በ80 ፍሬን ስይዝ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ዲስኮቹ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ተልገዋል። አሁን መካኒኬ 238 ሚሊሜትሩን ዲስክ አውጥተን የትልቁን ሞተር 255 ሚሊሜትር ዲስክ ከነካሊፐሩ እንግጠም ይላል። ያዋጣኛል?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ሊያዋጣዎት ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚደረገው እሱ አይደለም። ለጥያቄዎ ቁልፉ የፔዳሉ ስሜት ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከሰመጠ ግን ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል፤ እግርዎ የሚገፋው እንፋሎቱን ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እናስላው። ከነሰዎቹ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወርድ ከ19 ሜጋጁል የማያንስ ኃይል መጣል አለበት። ይህ ከ7 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ጠብታ እስከማይቀር ለማትነን የሚበቃ ነው። ሞተሩ ካልተካፈለው ሁሉም ዲስክና ታምቡር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ የሞተሩን እገዛ ያሳጣል፤ ይባስ ብሎ ሞተር ማጥፋት ደግሞ ሰርቮውንም (ፔዳሉን የሚያቀለውን አጋዥ) አብሮ ያሳጣል።

አሁን ወደ ሥራው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ሁለቱ ስለሚስማሙ ወደ ዶት 4 መሸጋገር ይቻላል፤ ዶት 5 ግን ሌላ ዘር ስለሆነ አይቀላቀልም፣ የመሪ ዘይት ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል። 1 ሊትር ይግዙ፣ ማሸጊያው በፊትዎ ይከፈት፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ከወጣው አይሻልም። ከአራቱም ጎማ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ይቀየር፣ በየሁለት ዓመቱም ይደገም።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ ዲስክ “ተጣመመ” ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የውፍረት አለመመጣጠን ነው። ይህን የሚወልደው ደግሞ ዲስኩ የሚቀመጥበት የሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ፊት ላይ የቀረ ዝገት ነው። ዲስኩ በትንሹ አጋድሎ ይቀመጣል፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ሸራውን ይልሳል፣ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነዳ እዚያ ቦታ ይሳሳል። ቶርኖ ቤት ተልጎ ዝገቱ ላይ ከተመለሰ ያው ነው። ከዚህ በኋላ አያስልጉት። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አነስተኛ ውፍረት ያንብቡ፣ በማይክሮሜትር ያስለኩ፤ ሁለት ጊዜ የተላገ ዲስክ ከዚያ በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጭን ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት አጥቷል፣ የዘይትዎ መፍላትም በከፊል ከዚሁ ነው።

አዲሱ ዲስክ ሲገባ አሮጌውን በመዶሻ አይደብድቡ፤ ኩሽኔታው ይጎዳል። የቶዮታ ዲስክ ላይ 8 ሚሊሜትር ቡሎን የሚቀበሉ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሁለት ቡሎን አስገብተው ተራ በተራ ሩብ ዙር እያጠበቁ ቢሄዱ ዲስኩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ያጽዱ፣ ዲስኩን በሁሉም ዳዶ አጣብቀው በሰዓት መለኪያ (ጥቃቅን መወዛወዝን በሚያነብ ባለ መርፌ መሣሪያ) እየለኩ ያዙሩት፤ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ካወዛወዘ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙረው ደግመው ይለኩ።

ካሊፐሩ ሲነቀል በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር። ተንሸራታች ፒኖቹ በእጅ ገብተው በእጅ መውጣት አለባቸው። የውስጠኛው ሸራ ከውጪኛው በጣም ካለቀ ፒኑ ደርቋል ማለት ነው። ቅባቱ ለፍሬን ጎሚኒ የተሠራው ብቻ ይሁን፤ ተራ ግራሶ ጎሚኒውን አሳብጦ በሁለት ወር መልሶ ይይዘዋል። የካሊፐር መያዣው ቡሎኖች በ88፣ የፒኖቹ በ34፣ የጎማ ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ዳዶን በአየር መሣሪያ እንዳሻ ማጥበቅ አዲስ ዲስክ ማበላሻ ነው።

ሸራ ሲገዙ ሶማሌ ተራ የሚሰጥዎትን ካርቶን ሳይሆን የሸራውን ጠርዝ ይመልከቱ። ከኮዱ ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የመለስተኛ ሙቀት ፍትጊያውን፣ ሁለተኛው የትኩሱን ይናገራል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55 ነው። ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ሁለተኛው ፊደል ከኤፍ ማነስ የለበትም። ፊደል የሌለውን ይለፉት። ከተገጠመ በኋላ ከ60 ወደ 15 አሥር ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እየነዱ ያሟሹት። ወዲያው ቆመው ፔዳል ረግጠው መያዝ ግን የሸራውን ማኅተም ትኩሱ ዲስክ ላይ ያትማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃዎት ወደ 255ቱ ይሂዱ። የማቆም ጉልበቱ የሚጨምረው ከ7 እስከ 9 በመቶ አካባቢ ነው፤ ዋናው ትርፍ የብረቱ ብዛት ነው። ዲስክ፣ የካሊፐር መያዣ፣ ካሊፐርና ሸራ ከአንድ መኪና፣ ለሁለቱም ጎን ይምጡ። 13 ቁጥር ቸርኬ ከካሊፐሩ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ቸርኬውን ገጥመው በእጅ ያዙሩት። የካሊፐሩ ፒስተን ከበፊቱ ከሰፋ ፔዳሉ ረዘም ብሎ ይወርዳል፣ ፖምፓውም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) መታየት አለበት። የተበሳሳ ዲስክ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የኮሮላዬ የፊት ሾኮች ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ቆሜ መሪ ስጠመዝዝ ሞላው “ጥን” ይላል። መካኒኩ መኪናዋ ከታች ስለምትነካ በሞላው ጥምዞች መካከል ጎማ እንክተት ይላል። ሻጩ ደግሞ ባለ ጋዝ ሾክ ግዛ ይለኛል።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ “ጥን” የሚለው የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ነው፤ ደርቆ ሞላውን ይይዝና ሲለቀው ይነጥራል። ሾክ ብቻ ቀይረው አሮጌውን መቀመጫ ከመለሱ ድምፁ ይቀጥላል። ስለዚህ የሚገዛው በጥንድ ሾክ፣ ሁለት የላይ መቀመጫ ከነኩሽኔታው፣ ሁለት የአቧራ መከላከያና ሁለት መግቻ ጎማ ነው። የአቧራ መከላከያ የሌለው ሾክ በአቧራማ መንገድ ዘንጉ ይፈገፈግና ማኅተሙ (ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ) ቶሎ ያፈሳል።

በጥምዞቹ መካከል ጎማ አይክተቱ። ጎማው ያረፈባቸው ጥምዞች ሥራ ያቆማሉ፣ ሸክሙ ወደ ቀሩት ይሄድና ሞላው እዚያ ጋ ይሰበራል። መኪናዋ የምትነካው ሞላው ስለላላ ከሆነ ሞላ ይቀየር። ባለ ጋዙ ሾክ ኮረኮንች ላይ ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ስለሚያደርግ ሻጩ ልክ ነው፤ መኪናውን ግን ከፍ አያደርግም።

ሲገጠም መጀመሪያ ዘንጉን ወደ ላይ አቁመው አዲሱን ሾክ አራት አምስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይግፉ፤ በካርቶን ተጋድሞ የገባበት አየር ይወጣል። አሮጌው ሾክ ከመውጣቱ በፊት ከናክሉ (ሞዞውን ከሚሸከመው ብረት) ጋር የሚያያዙትን የሁለቱን ቡሎኖች ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ የጎማው ዘንበልታ እዚያ ነው የሚወሰነው። ናክሉን በሽቦ ይሰሩት፤ ወደ ውጭ ከወደቀ ጎማውን የሚያዞረው አክስል የውስጥ መገጣጠሚያ ተስቦ ይወጣል። ሞላው በሁለት ጠንካራ መጨመቂያ ተጨምቆ ከመቀመጫው እስኪላቀቅ ድረስ የላይኛውን ዳዶ አይፍቱ፤ ቀድሞ መፍታት ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ዘንጉን በፒንሳ መያዝም አይቻልም፤ አንዲት ጭረት ማኅተሙን ትቆርጣለች። የናክሉ ቡሎኖች በረጅም እጀታ ቁልፍ የሰው ክብደት ካልተጣለባቸው አይጠብቁም። በማግስቱ አላይመንት ያሠሩ፤ ካልሠሩ አዲስ ጎማ በአንድ ጎን ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሁለቱም የፊት ካሊፐሮች ከተቀየሩ በኋላ ፔዳሉ ሁለቴ ካልተረገጠ አይጠነክርም። ሦስት ጊዜ አየር አስወጥተናል።
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የማስተንፈሻዋን ቡሎን ይመልከቱ። ካሊፐሩ አናት ላይ ካልሆነች ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፤ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ስለሚቀር መቶ ጊዜ ቢያስወጡ አይወጣም። እሷ ልክ ከሆነች የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገው ይሳቡና ፔዳሉን ይርገጡ። ያኔ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ጥፋቱ ከፊት አይደለም፣ የኋላው ታምቡር ሸራ ርቆ ተቀምጧል። ማስተካከያዋን ጥርስ በጥርስ ጎማው ትንሽ መፈግፈግ እስኪጀምር ያዙሩ፣ ከዚያ ጥቂት ጥርስ መልሰው ይፍቱ፤ የእጅ ፍሬኑ ከ4 እስከ 7 ክሊክ ላይ መያዝ አለበት። አየር ሲያስወጡም የአሮጌ ፖምፓ ፔዳል እስከ ወለሉ አይረገጥ፤ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበት የዛገ ቦታ ላይ ወጥቶ ይቀደዳል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ያስቀምጡ።