በቀን ስንት ያጨሳሉ? ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በባጃጅ አሽከርካሪዎች የኒኮቲን ሱስ ላይ ነው። አማካሪዬ «የሲጋራ ቁጥር ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ» አሉኝ። ሌላ ምን ልጠይቅ? የትንፋሽ መለኪያስ ያዋጣል? ወደፊትስ በዚሁ ዘርፍ መቀጠል ይቻላል?

መልስ፦ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው። ሲጋራ በፍሬ ለሚገዛ ሰው ቁጥሩ ከሱሱ ይልቅ ኪሱን ይናገራል። የኒኮቲን ሱስን በሚለካውና በ1991 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ በወጣው የፋገርስትሮም መጠይቅ ይጀምሩ፤ ጥያቄው 6፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 10 ነው። ትልቁ ፍንጭ ከእንቅልፍ ሲነሡ የመጀመሪያው ሲጋራ የሚለኮስበት ሰዓት ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ እስከ 30 ደቂቃ 2፣ እስከ 60 ደቂቃ 1፣ ካለፈ 0። ኒኮቲን በደም ውስጥ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ሱሰኛ ሲነጋ ባዶውን ነው የሚነሣው።

ጾም ግን ያሳስትዎታል። እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚታገሥ አጫሽ በዐቢይ ጾም ቢጠየቅ 0 ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ «በፍስክ፣ በአዘቦት ቀን» ብለው ይጠይቁ። የጫት ቀንንም ለብቻ ይመዝግቡ፤ ያን ቀን ሲጋራው ይበዛል። «በተከለከለ ቦታ መታገሥ ይከብዳል?» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛው ቤተ ክርስቲያንን በምሳሌነት ያነሣል። እኛ ዘንድ አዎ የሚል አይገኝም፤ በስብሰባ አዳራሽ ወይም በጣና ጀልባ ይተኩት። ትርጉሙን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉመው፤ ከዚያ ከናሙናዎ ውጪ ባሉ አሽከርካሪዎች ይሞክሩት።

የትንፋሽ መሣሪያው የሚለካው ከሲጋራ ጭስ የሚገባውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ተጠያቂው ትንፋሹን 15 ሰከንድ ይዞ በዝግታ እስኪያልቅ ይነፋል። ጋዙ በጥቂት ሰዓታት ስለሚቀንስ ጠዋት ከመለካት ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ችግሩ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚጠበስበት ምድጃ አጠገብ የቆየ ወይም ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ ሲምግ የዋለ ሰው ባያጨስም ንባቡ ከፍ ሊል ይችላል። ኮቲኒን የተባለው፣ ሰውነት ኒኮቲንን ሲያፈርስ የሚፈጠርና በምራቅ የሚለካ ንጥረ ነገር ከዚህ ይበልጥ ይታመናል፤ በግማሽ ለመቀነስ 16 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ምራቁ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ፍሪዘር ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር የሌለበት ላቦራቶሪ ካለዎት አይጀምሩት። የኒኮቲን ማስቲካ የሚጠቀም ሰውም ኮቲኒን ይገኝበታል፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ሥራው፦ መጠይቁ በስማቸው የሚጠራው ፋገርስትሮም ሥነ ልቦና፣ ለንደን ላይ የትንባሆ ሱስን ያጠኑት ማይክል ራስል ደግሞ ሥነ አእምሮ ተምረው ነው የገቡበት፤ የእርስዎም መግቢያ ያስኬዳል። ከትንባሆ ኩባንያ የሚመጣ ገንዘብ ግን፣ ለስብሰባ ጉዞም ቢሆን፣ አይንኩ፤ እንዲህ ያለ ጥናት ጭራሽ የማይቀበሉ የሳይንስ መጽሔቶች አሉ።