ከጓሮ ለጾም ማዕድ፦ ለአዘዞዋ እህታችን ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን መጀመሪያ ሰብሰብ ላድርገው። ጎንደር አዘዞ በኪራይ ግቢ ውስጥ ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለሽ፤ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ለዐቢይ ጾም የሚደርስ አትክልት ተክለሽ ከፊሉን ለነዳያን መስጠት ፈልገሻል፤ ብዙ ብር ማውጣት ግን አትችይም። «ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው።

ከመጠን ጀምሪ። ስድስቱንም ካሬ አትቆፍሪው፤ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃሻል። ምክንያቱ ውሃ ነው። በበጋ አንድ ካሬ አትክልት በቀን ወደ አምስት ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ሁለት ካሬ ከሆነ ባለ ሃያ ሊትሯ ጀሪካን ሁለት ቀን ታጠጣለች። ስድስቱን ካለማሽው ግን በቀን አንድ ጀሪካን ተኩል ያስፈልግሻል፤ ፈረቃው ሲዘገይ ደግሞ ከቤቱ ሁሉ መጀመሪያ ድርሻውን የሚያጣው ጓሮው ነው። አዳም ገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል ዘፍጥረት 2፥15። ብዙ ሰው ማበጀቱን ይወዳል፤ የሚከብደው መጠበቁ ነው።

ቀኑን ከጾሙ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይተሽ አስተካክይው። ጎመን ችግኝ መደብ ላይ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ እስኪቀነጠስ ሌላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አለ። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ብርድ ስላለ ረጅሙን ያዢ። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የጎመኑ ዘር ከኅዳር መጀመሪያ ማለፍ የለበትም። ቆስጣ እዚያው ስለሚዘራና በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቢዘራም ይደርሳል። ካሮት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ቲማቲምና ቃሪያ ለመጀመሪያው ዓመት ይቅሩብሽ፤ ብርድ አይወዱም፣ በሽታቸውም ብዙ ነው።

ዘሩን በተመለከተ፣ ለሐበሻ ጎመን የታሸገ ዘር መግዛት ግዴታ አይደለም። ምጣድ የሚታሰስበት ጎመን ዘር ካልተቆላና ካልተወቀጠ ይበቅላል። ቅዳሜ ገበያ በትንሽ ስፍር ይገኛል፤ ቶሎ ወደ አበባ ሊሄድብሽ ይችላል እንጂ ቅጠሉ ይበላል። ለቅጠል የሚዘራውን ከሚያለማ ጎረቤት ካገኘሽ ግን እሱን አስቀድሚ። ከመዝራትሽ በፊት ሃያ ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልይ። በአምስተኛው ቀን አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ አሥር ብቻ ከሆነ እጥፍ ዝሪ፤ ከዚያ ካነሰ ለምጣዱ መልሺው።

ዋልካ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ሥር ይበጥሳል። መቆፈር ያለብሽ ጨምቀሽው እጅ ላይ የማይለጠፍ፣ ስትነኪው ግን የሚፈረፈር ሲሆን ነው። ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሪና ለአንድ ካሬ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ ቀላቅይ። የበሰለ የምልሽ ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ የቆየ፣ ሽታው የጠፋ፣ ጥቁር አፈር የመሰለውን ነው። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል፣ ካሮትንም እንደ እጅ ጣት ያፈነጣጥለዋል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። አመድ ለአንድ ካሬ አንድ እፍኝ ብቻ፤ ከፍግ ጋር አንድ ላይ አትከምሪው፣ ኃይሉን በአየር ያስወጣዋል። በበጋ መደቡን ከዙሪያው ዝቅ አድርጊው፣ ውሃ እንዲይዝ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገሽ ዳር ዳሩን ቦይ አውጪለት፤ ያለዚያ ክረምቱ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

አከራይ መሬቱን አላስቆፍርም ካለች በማዳበሪያ ትክይ (ጆንያውን ማለቴ ነው)። አፉን ወደ ውጭ አጥፈሽ ቁመቱን አርባ ሳንቲ ሜትር አድርጊውና ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ሙይበት። ፀሐይ በአንድ በጋ ስለሚበጣጥሰው ክሩ አፈር ውስጥ ሳይበተን ቀይሪው። የዘይት ጀሪካንም ይሆናል፤ ታቹን በጋለ ምስማር ስምንት ቦታ ብሺና ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ግን በፍጹም።

ሁለቱን ካሬ እንዲህ ክፈይው፦ አብዛኛውን ለጎመን፣ በአርባ ሳንቲ ሜትር ርቀት ዐሥራ ሁለት እግር ያህል ሊገባ ይችላል፤ ዳር ዳሩን ለቆስጣ። የቆስጣን ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው፤ አንዱ ፍሬ ብዙ ዘር የያዘ ስለሆነ ሦስት አራት ሆኖ ይወጣል፤ ጠንካራውን ትተሽ ሌላውን ንቀይ። የጎመኑን ችግኝ ሲመሽ እንጂ በጠራራ ፀሐይ አታዛውሪው። በማለዳ ችግኝ ከሥሩ እንደ መቀስ ተቆርጦ ወድቆ ካገኘሽ ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን በጣትሽ ብትቆፍሪ ተጠቅልሎ ታገኚዋለሽ። የካርቶን ቀለበት አንገቱ ላይ አድርጊ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ገና መደብ ላይ ሳለ አንገቱ ቀጥኖ የሚወድቅ ከሆነ ግን ትል ሳይሆን ውሃ በዝቶ፣ ዘሩም ተጨናንቆ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ አመድ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ በማለዳ ጀርባውን እርጪ፣ ከሰዓታት በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቢው።

ጠዋት አጠጪ። ማታ ከሆነ ቅጠሉ በብርድ ሌሊት እርጥቡን ያድራል፣ ሻጋታ ይወልዳል። አትክልትና ምስር ያጠብሽበት ውሃ ጥሩ ነው፤ ኦሞና በረኪና የነካው አይሆንም። ከተማ አቋርጦ ከመጣ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ለሰላጣ አትጠቀሚ፤ ጥሬውን ነው የሚበላው።

እሑድና በዓል ቀን ማጠጣት ይፈቀዳል ወይ ላልሽው፣ ፍርዱ የንስሐ አባትሽ ነው። ግን ጥያቄውን የሚያቀልልሽ ዘዴ አለ። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎችም ሆነ ከገበያ አምስት ሊትር የምትይዝ ያልተቀባች የሸክላ ማድጋ ግዢና በጎመኖቹ መካከል እስከ አንገቷ ቅበሪያት። ቅዳሜ ከሰርክ በፊት ሙያት፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኛት፣ ያለዚያ ትንኝ ይራባባታል። ውሃዋ በገላዋ ቀስ እያለ እየወጣ እስከ ሰኞ በአቅራቢያዋ ያለውን ሥር ያርሰዋል። ከመቅበርሽ በፊት ፈትሻት፦ ሞልተሽ አንድ ሌሊት ስታቆያት ውጭዋ ካልረጠበ ሸክላዋ በዘይት ወይም በጭስ ተደፍኗልና ለዚህ ሥራ አትሆንም። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ሦስት ጣት ያህል ብታለብሺው ውሃው ይበልጥ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ምጽዋቱ። «የተረፈውን እሰጣለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ከጎመን የሚተርፈው ያረጀና ያበበ ቅጠል ነው፤ ለራስሽ ያልበላሽውን ነው ለእግዚአብሔር የምትሰጪው። ዘሌዋውያን 19 ላይ ድሃው ድርሻ ያለው ገና እርሻው ላይ፣ ከመታጨዱ በፊት ነው። ስለዚህ ችግኙን በተከልሽ ቀን ከዐሥራ ሁለቱ እግር ሁለቱን በነጭ ክር እሰሪያቸው። እነዚህ የአንቺ አይደሉም፤ በአንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ በአንድ ቀን ይቀነጠሳሉ። በሳምንት ከእያንዳንዱ እግር የታችኛውን ሦስት አራት ቅጠል ብቻ ነው የምትወስጂው፣ ላይኛው አምስት ስድስቱ ሲቀር ያድሳል።

ጥሬ ጎመን አስረሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላለ ነዳይ መስጠት ግን ብዙም አይጠቅመውም፤ ምድጃ የሌለው ሰው ምን ያደርገዋል? አብስለሽ በእንጀራ ስጪ። ወይም ጎንደር ላይ ነሽና በርሽ ላይ መጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ አስቢ። አኩፋዳው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ደረቅ እንጀራ ነው፤ ለሱ ጎመን ወጥ ያለበት እንጀራ ሌላ ነገር ነው። ጥሬውን የምትሰጪ ከሆነ ለጎረቤት አሮጊት፣ ምድጃ ላላት።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከጥሩዎቹ ሁለት እግር ሳትቀነጥሺ ለዘር አስቀሪ። የዘር ከረጢቱ ቢጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ፣ ቅርንጫፉን ቆርጠሽ ጥላ ውስጥ በጨርቅ ላይ ዘርጊው፤ ደርቆ ከተወቃ በኋላ በወረቀት ጠቅልለሽ ወሩን ጽፈሽበት አስቀምጪ። ከሱቅ በታሸገ የገዛሽው ጥቅል ጎመን ዘር ከሆነ ግን አትድከሚበት፤ ብዙው ድቅል ስለሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም።