ደላላው ለቪዛና ለቲኬት ገንዘብ ከጠየቀ (መልስ)

እህትዎ ወደ ዮርዳኖስ አገር ሄዳ ሕፃን ለመንከባከብ እንድትቀጠር የጅማው ደላላ ለቪዛና ለአውሮፕላን ቲኬት የጠየቀውን ገንዘብ አይክፈሉ፤ በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። እርሷ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለውን ነው።

ፈቃዱን ሲጠይቁት «ሂርማታ ገበያ ሁሉም ያውቀኛል» ማለቱ ፈቃድ አይሆንም፤ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጎረቤቴ የነበረች ልጅ በቃል የተነገራት ሕፃን መያዝ ብቻ ሲሆን የፈረመችው ውል ግን «የቤት ሠራተኛ» የሚል ስለነበር፣ ምግብ ማብሰሉም ጽዳቱም ልብስ ማጠቡም በእርሷ ላይ ወደቀ። ስለዚህ እህትዎ የሥራውን ዝርዝር፣ ደመወዙንና የዕረፍት ቀኑን በምታነበው ቋንቋ አይታ ትፈርም፤ አንዱ ቅጂም እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።