አሉኮቦንድ ከማልበስዎ በፊት

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ 6 ፎቅ የቆየ ሕንፃ አለን። የውጭ ልስኑ እየረገፈ መንገደኛ ላይ ሊወድቅ ነው። ሥራውን የሚወስደው ሰው «ልስኑን ሳንነካ ብሎኬቱ ላይ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዝ ፕላስቲክ) አስረን አሉኮቦንድ (በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ሌላ ነገር ያለበት ፓነል) እናልብሰው» ይላል። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ስስ ግድግዳውን ብቻ ነው፤ ነፋስ ፓነሉን ወደ ውጭ ሲስበው ይነቀላል። ብራኬቱ (ብረቱን ከሕንፃው ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ) መታሰር ያለበት የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚ) ወይም የሶሌታው (የፎቁ ወለል) ጠርዝ ላይ ነው፤ ቱቦላሬው (ፓነሉ የሚሰቀልበት የብረት ቱቦ) በመካከላቸው ይዘረጋል።

ልስኑን በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ያስረግፉ። ፓነሉ በካሬ ሜትር ከ8 ኪሎ አይበልጥም፤ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን ግን 60 ኪሎ ገደማ ነው። ከኋላ ሲናድ ፓነሉን ይዞት ይወርዳል። ወሎ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን ክፉኛ የጎዳበት ቀጠና አጠገብ ነው፤ ይህን ቸል አይበሉ። ብራኬት በሚያርፍበት ቦታ ልስኑ እስከ ኮንክሪቱ ይፈልፈል። አለዚያ 8 ሳንቲ ሜትር ብሎን ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው 5 እንኳ አይሞላም፤ በብዛት የምናየው ስህተትም ይኸው ነው። የአሸንዳና የጣሪያ ፍሳሽም አስቀድሞ ይጠገን፤ ከተሸፈነ በኋላ ማን ያየዋል?

ፓነሉ ውስጡ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ርካሹ ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ ይቀጣጠላል፣ እየቀለጠም ይንጠባጠባል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ 72 ሰው በእሳት ያለቀበት ግሬንፌል የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ የለበሰው እንዲህ ያለውን ነበር፤ ያለበሱትም ሕንፃውን ሲያድሱ ነው። እሳት የሚቋቋመውን፣ ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ይግዙ። በየፎቁም ከፓነሉ ጀርባ ያለው ክፍተት በሮክ ዉል (የማይቃጠል የድንጋይ ጥጥ) እና በላሜራ ይዘጋ፤ ካልተዘጋ እሳቱን ወደ ላይ የሚስብ ጭስ ማውጫ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነን። ፓነላችን ከሰዓት ሲሞቅ ያብጣል፣ ይንጣጣል። ጥራቱ ወርዶ ነው?

መልስ፦ አሳሰሩ ይመስለናል። 2.44 ሜትር ፓነል ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲለዋወጥ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አራቱም ጎን በሪቬት ከተጠበቀ መሄጃ የለውም፤ ወደ ውጭ ያብጣል። አንዱን ጎን ፈትታችሁ ቀዳዳውን አስፉት፤ መጋጠሚያውም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍት ይሁን። መከላከያ ፕላስቲኩንም ፓነሉ እንደተሰቀለ ላጡት፤ ፀሐይ ካበሰለው በኋላ በምላጭ እንኳ አይለቅም።