ለ12 ዓመቷ ልጄ ለገና ምን ልስጣት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 12 ዓመት ሞልቷታል፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ለገና ስጦታ ልሰጣት ፈልጌ ከአባቷ ጋር አልተስማማንም። እሱ “የገና ስጦታ የፈረንጅ ነው፤ ልደቱ የጌታ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ልብስና ጫማ ከገዛንላት ይበቃል” ይላል። እሷ ደግሞ ስልክ ካልተገዛልኝ ብላ አኩርፋለች። ለጓደኛዋ ተገዝቶላታል። እኔ ያለኝ ከእቁብ የተረፈ 2,000 ብር ነው። ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከሁለት ሦስት ወር ወዲህ ልጄ ተለውጣብኛለች። ድሮ ነጠላዋን ለብሳ ከእኔ ቀድማ በር ላይ የምትቆም ልጅ፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላት ሰበብ ትፈጥራለች። አንድ ቀን ሆዴን አመመኝ፣ አንድ ቀን የቤት ሥራ አለብኝ ትላለች። በስጦታው ልቧን ብመልሰው ብዬ አሰብሁ። በእምነታችን የገና ስጦታ ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ ምን ልስጣት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ስለ ስልክ የጻፍሽልኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን “ሰበብ ትፈጥራለች” ያልሽው ላይ ቆምሁ። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ለአባቷ ልመልስ፤ ያለው ነገር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለምና።

የገና ስጦታ ግዴታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጹሙ፣ አስቀድሱ፣ ለተቸገረ አካፍሉ ትላለች። ታኅሣሥ 29፣ ወይም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ ለልጆቻችሁ ዕቃ ግዙ የሚል ሥርዓት የላትም። ክልክልም አይደለም። በልደቱ ስጦታ ማቅረብን የጀመሩት ደግሞ ፈረንጆች አይደሉም፣ ሰብአ ሰገል ናቸው። ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 11ን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ቤት ገቡ፤ ሕፃኑን ከእናቱ ከማርያም ጋር አዩት፤ ወድቀው ሰገዱለት፤ ሣጥናቸውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ የፈራው ሣጥኑ ከስግደቱ እንዳይቀድም ይመስለኛል። ልክ ነው። እንግዲያው ስጦታው ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፤ ቤት ገብታችሁ፣ ጾሙን ፈትታችሁ፣ ቡናው ሲፈላ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ቤት ያን ጠዋት ሌላ ነው፤ ዶሮ ወጡ ብቻውን ደስታ ነው።

ያመጡትንም ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ወርቁ ለንጉሥነቱ፣ ዕጣኑ ለአምላክነቱ፣ ከርቤው ስለ ሞቱ ነው። ከመንገድ ያገኙትን አንስተው አልመጡም። ሕፃን ነው ብለውም የሕፃን መጫወቻ አላመጡለትም። ማን እንደ ሆነ አውቀው ነው የሰጡት። ስለ ስጦታ ስጠየቅ ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ የምትሰጪውን ሰው እወቂው።

ይህንን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእኔም ልጅ 12 ዓመት በሞላት ዓመት ለጉባኤ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ስመለስ ለገና የሚሆን አሻንጉሊት ገዛሁላት፤ ፀጉሯ የሚበጠር፣ ዓይኗ የሚከደን። ልጄ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባየ” ብላ ጉልበቴን ሳመች። በማግሥቱ አሻንጉሊቷ በትንሿ እኅቷ ጀርባ ላይ በነጠላ ታዝላ አየኋት። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ትልቋን ተመለከትሁ። የቀሚሷ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ረዝሟል። የድሮው እጥፋት ከታች እንደ መሥመር ይታያል፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ ገና ያልደበዘዘ። እናቷ ያንን ስታስረዝም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መጽሐፍ እያየሁ ነበር። ልጄ በዓይኔ ሥር ስታድግ አላየኋትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው። የሰጠኋት ስጦታ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረችውን ልጅ የሚያስደስት ነበር፤ ያቺ ልጅ ግን ቤት ውስጥ የለችም።

አሁን ወደ ሰበቡ ልመለስ። እኅቴ፣ ልጅሽ 12 ዓመቷ ነው። ከሁለት ሦስት ወር ወዲህ ተለወጠች ብለሻል። ሆዴን አመመኝ ትላለች ብለሻል። የወር አበባ ጀምራ ይሆን? ጠይቀሻታል? እርግጠኛ ሆኜ አይደለም የምናገረው። ግን በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ከሴት ልጆች እናቶች የሰማሁት ብዙ ነው። ልጅቷ ይጀምራታል፤ ለማንም አትናገርም። በእነዚያ ቀናት ወደ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ከጓደኛ ሰምታለች። ምክንያቱን ግን ያስረዳት የለም። ስለዚህ ራሷን ኃጢአተኛ፣ ርኩስ አድርጋ ትቆጥራለች። እናቷ “ተነሽ እንሂድ” ስትላት እውነቱን ከመናገር የቤት ሥራ አለብኝ ማለት ይቀላታል።

ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። የወር አበባ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር የፈጠረው የሴት ልጅ ተፈጥሮ ነው። በእነዚያ ቀናት ወደ ውስጥ አለመግባት፣ አለመቁረብ ሥርዓት ነው። እኔም ብሆን የሚደማ ቁስል ካለብኝ አልቆርብም። ከቤተ ክርስቲያን ግን የሚያስቀር ነገር የለም። በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ ማስቀደስ ትችላለች፤ ጸሎቷም አይቋረጥም። አንቺም አብረሻት ውጭ ቁሚ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻዋን አትተያት።

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 8 ደግሞ አብራችሁ አንብቡ። የሁለት ሴቶች ታሪክ ይገናኝበታል። አንዷ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ናት። ሌላዋ የኢያኢሮስ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 12 ዓመት ያህል። የልጅሽ እኩያ። ጌታ ደም የሚፈስሳትን ሴት በሕዝብ ፊት አላሳፈራትም፤ “ልጄ ሆይ” ብሎ ጠራት። ከዚያ ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሄዶ ብላቴናይቱን በእጇ ይዞ አስነሣት። ሙት አስነሥቶ ሲያበቃ ምን አዘዘ? የምትበላውን ስጧት አለ። ሁሉም በተአምሩ ሲደነግጥ፣ ልጅቷ እንደ ራባት ያሰበ እርሱ ነው። ይህን ቦታ ባነበብሁት ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እንግዲህ ከብርሽ ላይ መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ግዢ። ውስጡ ሞዴስ፣ ሁለት ሦስት አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙናና ፎጣ አድርጊበት። ይህን በቤተሰብ ፊት አትስጫት፤ ወንድሞቿ ባሉበት ከፍታ ታፍራለች። ከገናው በፊት፣ አንድ ማታ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ስጫት። ትምህርት ቤት ይዛው የምትሄደው ይሁን። ገና ካልጀመራትም አይባክንም፤ ሲመጣ ሳትደነግጥ ትቀበለዋለች።

በበዓሉ ጠዋት በሁሉም ፊት የምትሰጫት ደግሞ ሌላ ይሁን። የልጅነት ነጠላዋ እንዳጠራት አልጠራጠርም። ሣጥንሽ ውስጥ ለክብረ በዓል ብቻ የምታወጪው የራስሽ ነጠላ የለም? ጥለቱ ያልደበዘዘ፣ እናትሽ የፈተለችው ቢሆን ደግሞ የበለጠ። እጠቢው፣ በዕጣን አጥኚው፣ አጣጥፈሽ አስቀምጪው። ስትሰጫት ከማን እንደ መጣ ንገሪያት። እናትሽ በስንት ማታ እንደ ፈተለችው፣ ልቃቂቱን ለየትኛው ሸማኔ እንደ ሰጠችው፣ አንቺ መጀመሪያ የት እንደ ለበስሽው። በአዲስ ነጠላ የሚቀና ልጅ ብዙ ነው፤ የአያቷን ታሪክ የለበሰች ልጅ ግን ጥቂት ናት። እንዴት መስቀለኛ እንደሚጣፋም አስተካክለሽ አሳዪያት።

ስልኩን ለገና አትግዢላት። ነገር ግን “ስልክ ኃጢአት ነው” ብለሽ አታስፈራሪያት፤ እውነት አይደለም። እኔም ብዙ መዝሙርና ስብከት የምሰማው በስልክ ነው። ስልክ ስጦታ እንዲሆን የማልመክረው በሌላ ምክንያት ነው። ስጦታ ከተሰጠ በኋላ የተቀባዩ ነው። በ12 ዓመት ልጅ እጅ ያለ ስልክ ደግሞ ያለ ጠባቂ ሊተው አይችልም። ሰጥተሽ መልሰሽ ስትቆጣጠሪያት የነጠቅሻት ይመስላታል። ስለዚህ እውነቱን ንገሪያት፦ “ገንዘባችን አልደረሰም፤ ሲደርስም ስልኩ መጀመሪያ የቤቱ ይሆናል፤ ማታ ሳሎን ይቀመጣል።” ታኩርፍ ይሆናል። እውነት ሰምቶ ያኮረፈ ልጅ ይመለሳል። ስጦታውንም የኩርፊያ ማባበያ አታድርጊው።

አባቷም የሚሰጣት ነገር አለ። ጎጃሜ ነንና የጽላሎዋን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሳት አለብኝ። ማየት የተሳናቸው ነበሩ። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት በማትላክበት ዘመን ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ራሳቸው የቅኔ መምህርት ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። አባትየው ለልጃቸው የሰጡት በሣጥን የሚገባ ነገር አልነበረም። ጊዜያቸውን ነው የሰጡት፤ ትችያለሽ ብለው አምነውባታል። አባቷ በሳምንት አንድ ማታ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከእሷ ጋር ብቻ ይቀመጥ። መዝሙረ ዳዊት ያንብቡ፣ የሒሳብ ትምህርቷን ይጠይቃት፣ ወይም እሷ ትጠይቀው። በዚህ ዕድሜ ብዙ አባት ከሴት ልጁ ይርቃል፤ አደገች ብሎ ያፍራል። እሷ ግን የራቃት የጠላት ይመስላታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ገና ዛፍ አልጠየቅሽኝም፤ ነገር ግን ለስጦታ ሲባል ዛፉም መምጣቱ አይቀርም። ጽድ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብላችሁ አትቁረጡ። በአገራችን ብዙ ቦታ ጽዱ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው።

ቀይ ለብሶ የሚሣለው የገና አባትም መነሻው የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በስንክሳራችን ታኅሣሥ 10 ይታሰባል፤ ማለትም በዚሁ ጾም ውስጥ። የሚተረክለት ታላቅ ሥራ ለሴት ልጆች ያደረገው ነው። አንድ ሰው ሀብቱን አጥቶ ሦስት ልጆቹን መዳር ተስኖት፣ ለዝሙት ሊያሰማራቸው አስቦ ነበር። ቅዱሱ በሌሊት፣ ማንም ሳያየው፣ ወርቅ በከረጢት አድርጎ በመስኮት ጣለላቸው።

ይህን ለልጅሽ ተርኪላትና ከተረፈው ብር ደብተርና እስክሪብቶ ግዙ። በየሰፈሩ ከትምህርት ገበታ የራቁ፣ ከቀያቸው ተነሥተው የመጡ ልጆች አሉ። ለማን እንደሚሰጥ ልጅሽ ትምረጥ። በሰፈርም ሆነ በክፍሏ ማን እንደ ተቸገረ ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ስሟን ሳትጽፍ፣ ሳትናገር ታስቀምጥለት ወይም ታስቀምጥላት። “ቀኝህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ” የሚለውን ሰምታ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ራሷ ትሥራው። መስጠትን የሚያህል ትልቅ ሥራ ስትታመንባት፣ እንደ ሕፃን አለመቆጠሯን ያለ ንግግር ታውቃለች።

የንስሐ አባታችሁንም አትርሺ። ከሰባት ዓመት በላይ ናትና እንደ ሕፃንነቷ ዝም ብላ አትቆርብም፤ ተናዝዛ ነው የምትቆርበው። በአሥራዎቹ መግቢያ ላይ ብዙ ልጆች ከቁርባን የሚቀሩት ንስሐ አባት ፊት መቆም ስለሚያስፈራቸው ነው። አብረሻት ሂጂ፤ ግን ስትናዘዝ ራቅ በይላት። ከወጣች በኋላም ምን እንዳለች አትጠይቂያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን መልስ እሷም ታንብበው። ስለ ወር አበባው የጻፍሁት ካሳፈራት፣ ያንን ክፍል አንቺ በቃልሽ ንገሪያት። ለእኔም ጥያቄ ካላት በራሷ እጅ ጽፋ ትላክልኝ። ስሟን መጻፍ የለባትም። እመልስላታለሁ።